አራቱ ወቅቶችና የእድራችን መዝገብ

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል። ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ዘመነ ክረምት ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን መጸው፥ እስከ መጋቢት 25 ቀን በጋ፥ እስከ ሰኔ 25 ቀን ደግሞ ጸደይ ይባላል። በልጅነታችን ይህን ሳንሳሳት በቃል እንድንወጣው የኔታ ያስጠኑን ነበር፤ አከፋፈሉም መልካም አከፋፈል ነው። ነገር ግን ሰው አድጎ የራሱን ጎጆ ከቀለሰ በኋላ ዓመቱን በሌላ ሚዛን መስፈሩ አይቀርም። እኔ በምኖርባት በጫግኒ ከተማ ዓመቱ በጭቃ፥ በወባ፥ በአቧራና በጥበቃ ይከፈላል ብል የአገሬ ሰው የሚያስተባብለኝ አይመስለኝም።

ጫግኒን ለማያውቃት አንባቢ ጥቂት ልናገር። ከእንጅባራ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው መንገዱ እያቆለቆለ ይወስደዋል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት፥ ጧትና ማታ ጋቢ የምታስደርብ ደጋ ናት፤ ጫግኒ ግን 1,600 ሜትር ያህል ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ መንገደኛው ገና ከመኪና ሳይወርድ ጋቢውን ከትከሻው ያነሣል። በደጋው ገብስና ድንች፥ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ፥ ከሁሉም በላይ ፈረስ ይታያል፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ በቆሎና ዳጉሳ፥ ኑግና በርበሬ፥ ማንጎና ቡና ይበቅላል። ሰዉ አማርኛና አገውኛ እያፈራረቀ ይነጋገራል፤ አገውኛውን ባለቤቶቹ አውኚ ይሉታል። ከተማይቱ ቀድሞ የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ በአዊ ዞን በጓንጓ ወረዳ ናት። ከእርሷ ወዲያ ያለው መንገድ ወደ ግልገል በለስ፥ ወደ ፓዌና ወደ ጉባ ያደርሳል። በመጋቢት ወር 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው ለታላቁ የህዳሴ ግድብ ሲሚንቶና ብረት የጫነ ብዙ መኪና በደጃችን አልፏል። የእኛ ከተማ እንግዲህ የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ የመንገድ ዳር ሰውም የሚያልፈውን ሁሉ ለማየት የተፈረደበት ነው።

እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ከተቀጠርሁ ዐሥራ አምስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። አለቆች ይሾማሉ፥ ይዛወራሉ፤ የመሥሪያ ቤቱም ስም በየጥቂት ዓመቱ ከሌላ ስም ጋር ይጋባል፥ ተመልሶም ይፋታል፤ ፋይሉ ግን በመደርደሪያው ላይ እንደ ተቀመጠ ይኖራል። የእጅ ጽሕፈቴ ይነበባል ስለ ተባለ የሰፈራችን እድር በ2009 ዓ.ም. ጸሐፊ አድርጎ መረጠኝ። ስለዚህ ሁለት መዝገብ እጠብቃለሁ፤ አንዱ ደመወዝ ያስገኝልኛል፥ ሁለተኛው እንቅልፍ ይነሣኛል።

የእድሩ መዝገብ ጥቁር ሽፋን ያለው፥ ጥጉ በጨርቅ የተለጠፈ ትልቅ ደብተር ነው። በውስጡ የአባላቱ ስም፥ የየወሩ መዋጮና የሞቱት ስም የሞቱበት ቀን ተጽፎ ይገኛል፤ ሌላ ነገር የለበትም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ዓምድ እንደ አመጣጣቸው ተከታትለው ሰፍረዋል። በመሥሪያ ቤቴ ቅጾች ላይ ስለ አንድ ሰው የሚጠየቀው ጥያቄ ብዙ ነው፤ በዚህ መዝገብ ግን የሚጠየቀው ስሙና ቤቱ ብቻ ነው። ያለፉትን ገጾች አንድ በአንድ ስገልጥ አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ ይኸውም ወቅቶች ሁሉ በዚያ መዝገብ ላይ የየራሳቸውን ፊርማ ትተው ያልፋሉ። ውዝፍ የሚበዛው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ሞት የሚበዛው በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ድንኳንና ወንበር ለሰርግ ተከራይቶ ለእድሩ ገንዘብ የሚገባው በጥርና በየካቲት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ገጹ ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ክረምት በጫግኒ ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ድምፅ ነው። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር የማያንስ ዝናብ የሚወርድባት አገር ስለ ሆነች፥ አብዛኛውም በሰኔና በመስከረም መካከል ስለሚጠቃለል፥ ሐምሌ ከገባ በኋላ የቆርቆሮው ጩኸት ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ ይወርሰዋል። ባለጉዳይ በመስኮቱ ቆሞ ስሙን ሲነግረኝ ከንፈሩን እያየሁ እጽፋለሁ። ከገጠር የሚመጣው ገበሬ ጫማውን በእጁ ይዞ፥ አረንጓዴውን የመሬት ደብተር በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ ሸጉጦ ይገባል፤ እርሱ ራሱ በስብሶ ሳለ ወረቀቱ ደረቅ ነው። ወረቀትን እንዲህ የሚያከብር ሰው፥ ወረቀት ጠባቂ በሆነው ሰው ዘንድ ምን ያህል ሊከበር ይገባው ይሆን እያልሁ አስባለሁ። እንደዚህ የሚያስቡ ባልደረቦች አሉኝ፤ «ነገ ተመለስ» ማለትን እንደ ሰላምታ የለመዱም አሉ።

ክረምት የጎተራ መጉደያ፥ የገበያም መናሪያ ነው። ገበሬው ቢቸግረውም የዘራው በማሳው ላይ እየበቀለ ያየዋል፤ ደመወዝተኛው ግን በዝናብ የሚያድግለት ነገር የለውም። በዚህ ወቅት የእድር መዋጮ ለመሰብሰብ በየደጁ መዞር ፊትን የሚያሳፍር ሥራ ነው። የዛሬውን መተዳደሪያ ያወጡት ሽማግሌዎች፥ አብዛኞቹ ዛሬ በመዝገቡ የመጨረሻ ዓምድ የሰፈሩት፥ ሦስት ወር ያልከፈለ አባል ይሰረዛል ብለው ጽፈው ነበር። ከዚያ በታች ግን በሌላ ቀለምና በሌላ እጅ «የክረምቱ ሁለት ወር ሳይቆጠር» የሚል ቃል ተጨምሮበታል። ማን እንደ ጨመረው የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም። ብዙ መመሪያና ብዙ ደንብ በእጄ አልፏል፤ በአራት ቃል እንዲህ ያለ ነገር የተጨመረበትን ግን አላየሁም።

ነሐሴ ሲገባ የፍልሰታ ጾም ይመጣል። ሕፃናት ሳይቀሩ ወደ ቅዳሴ ይሄዳሉ፤ በነጠላ የተጠቀለሉ ትንንሽ ልጆች በጭቃው ላይ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለሉ ሲያልፉ ማየት የክረምቱን ጭጋግ ያስረሳል። በጳጉሜን 3 ቀን በሩፋኤል ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ልብሳቸውን ጥለው ይወጡና በዝናቡ ይጠመቃሉ። የእኛ ግቢ ጎረቤት የሆኑ የሙስሊም ልጆችም አብረው መውጣታቸው የተለመደ ነው፤ እናታቸው ከደጅ ቆማ «ጉንፋን የያዛቸው እንደ ሆነ ሩፋኤልን ትጠይቁልኛላችሁ» ትለናለች።

ከመስከረም በኋላ ያለውን ወቅት የሩቅ ሰው በአበባ ያውቀዋል። እውነትም ነው፤ ሜዳውና ተረተሩ አደይ ይለብሳል፥ የኑጉ ማሳ ቢጫ ምንጣፍ ይመስላል፥ ወንዞቹም ደፍርሰው ከቆዩ በኋላ መጥራት ይጀምራሉ። ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 ቀን ጀምራ እስከ ኅዳር ቁስቋም ዘመነ ጽጌን ታከብራለች። በልጅነቴ የማይገባኝ አንድ ነገር ነበረ፤ ይህ የአበባ ወራት የእመቤታችን የስደቷ መታሰቢያ መሆኑ ነው። ምድር ባጌጠችበት ወር ልጇን ታቅፋ በበረሃ የምትንከራተት እናት ለምን ትታሰባለች? የኔታን ብጠይቃቸው «አበባውን የሚያየው ቤት ያለው ነው» ብለው ዝም አሉ። ነገሩ የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

በእኛ ቆላማ አገር ግን አበባውና ወባው አብረው ይመጣሉ። ዝናቡ ሲያቆም በየጉድጓዱና በየከብት ኮቴው የቀረው ውኃ ትንኟን ይፈለፍላል። በጥቅምት ወር ከመሥሪያ ቤታችን ወንበሮች አንዱ ወይም ሁለቱ ባዶ ይሆናሉ፤ «ያዘው» ከተባለ ምን እንደ ያዘው የሚጠይቅ የለም። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ በየደጁ ይታጠናል፤ ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ መሆኑን ከመጽሐፍ አንብቤአለሁ። ጭሱ ትንኝን ለአንድ ሌሊት ያባርር ይሆናል፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን አጎበሩን በትክክል መስቀልና የቆመውን ውኃ ማፋሰስ ነው። ይህን ለጎረቤቶቼ ስናገር አንድ ሽማግሌ «ልጄ፥ አጎበሩንም እንሰቅላለን፥ እናጥናለንም፤ የትኛው እንዳዳነን እንኳ ባናውቅ ምን ገዶን» አሉኝ። መልስ አጣሁላቸው።

የእድር ጡሩምባ የሚነፋው ገና ሳይነጋ ነው። በዚያ ወቅት ሰው ሁሉ በአልጋው ላይ ሆኖ ያዳምጣል። መጀመሪያ ድምፁ ከየት ሰፈር እንደ ሆነ ይለያል፤ ቀጥሎ ለፋፊው የሚጠራውን ስም ለመስማት ትንፋሹን ይውጣል። ስሙ የራሱ ቤተሰብ ካልሆነ አፉ «ነፍስ ይማር» ሲል ልቡ ግን በስውር እፎይ ይላል። ይህን የሚክድ ሰው ካለ ከእኔ ይልቅ ጻድቅ ነው። እኔማ ከሁሉም አስቀድሜ መነሣት አለብኝ፤ መዝገቡ በእኔ ቤት ነውና።

በጋ የመውቂያና የመጎብኛ፥ የሰርግና የንግሥ ወቅት ነው። የገጠሩ ሰው በደቦና በወንፈል እየተረዳዳ ያጭዳል፥ ይወቃል። የከተማው አቧራ በጫማና በመጻሕፍት ላይ ይሰፍራል፤ በመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ጣቴን ባሳልፍ ስሜን ልጽፍበት እችላለሁ። የጥምቀት ዕለት ታቦታቱ ሲወርዱ ከተማው ነጭ ይለብሳል። ዳሩ ግን በአዊ ምድር ስለ በጋ ተናግሮ ፈረስን መዝለል አይቻልም። ጥር 23 ቀን በጊዮርጊስ ዕለት በእንጅባራ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል የዓድዋን ፈረሰኞች የሚያስታውስ ነው፤ ማኅበሩም የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. እንደ ሆነ ይነገራል። ይህ ማኅበር ለጉግሥና ለሽልማት ብቻ የቆመ አለመሆኑን ልብ እላለሁ፤ ፈረሰኛው ለሰርግም ለለቅሶም ይወጣል። እንግዲህ የደጋው ሰው በፈረስ የሚያደርገውን እኛ በድንኳንና በወንበር እናደርገዋለን ማለት ነው።

ሰኔ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ሰኞ ዋለ። አረጋውያን «ሰኔና ሰኞ» ብለው የሚፈሩትን ቀን የሚያውቅ ሁሉ በዚያ ሰሞን ይህንኑ ያወራ ነበር። እኔ ቀን በሰው ላይ ክፉ ያመጣል ብዬ አላምንም፤ ክፉ የሚያመጣው ሰው ነው። የሆነ ሆኖ ያ ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ ለቀስተኛን ከድንኳን የበተነበት ዓመት ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው 2013 ደግሞ ከዚያ የባሰ ሆነ። በመተከል ዞን ሰዎች በመንደራቸውና በማሳቸው ላይ ይገደሉ ጀመር። ታኅሣሥ 14 ቀን በቡለን ወረዳ በበኩጂ ከመቶ በላይ ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ያ የግድቡ ሲሚንቶ ይወርድበት የነበረው መንገድ ሰው ይወጣበት ጀመር። በእግር፥ በአይሱዙ፥ በትራክተር ተሳፍረው በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ጓንጓ ገቡ። ብዙዎቹ ራንች በሚባለው ሥፍራ በመጠለያ ሰፈሩ፤ ሌሎቹም በየዘመድና በየምእመኑ ቤት ተጠጉ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ «አበባውን የሚያየው ቤት ያለው ነው» የሚለው የየኔታ ቃል የተመለሰልኝ።

በእኛ ሰፈር ለብቻቸው የሚኖሩ አንዲት እማሆይ ማድ ቤታቸውን አስጠርገው አንድ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ተቀበሉ። ሰውየው ከመንገዱ ይሁን ከሐዘኑ ታምሞ ስለ ነበር በጥር ወር መጨረሻ ሞተ። እማሆይም በንጋት መጥተው በሬን መቱና «ጡሩምባ ይነፋ» አሉኝ። ጡሩምባ የሚነፋው ለአባልና ለአባል ቤተሰብ ብቻ ነው። ዳኛውን ቀሰቀስሁት፤ ዳኛውም ኮሚቴውን ሰበሰበ።

ገንዘብ ያዣችን በጡረታ የተገለሉ መምህር ናቸው፤ ቁጥር የሚያከብሩ፥ አንድ ብር ቢጎድል ሌሊቱን የማይተኙ ሰው ናቸው። እርሳቸው የተናገሩትን በንቀት የሚያልፍ ሰው ቢኖር የእድርን ነገር አያውቅም እላለሁ። «ለዚህ ሰው አላዘንሁም ያለ ማን ነው?» አሉ። «ነገር ግን በዚች ከተማ ዙሪያ ያለውን ሕዝብ አይታችኋል። አንዱን ብንቀብር ሁለተኛውን እንቢ ማለት አንችልም። ይህ ገንዘብ የእኛ አይደለም፤ ለሞታቸው ብለው ከጉሮሯቸው ያስቀመጡት የደኻ አባላት ገንዘብ ነው። በእናንተ ርኅራኄ የእነርሱን ከፈን አትስጡ።» ከእነርሱ ንግግር በኋላ ለረጅም ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

ዳኛው መተዳደሪያውን እንዳነብ አዘዘኝ። አነበብሁ። «በአባሉ ቤት የሚኖር ቤተሰብ» ይላል። ያን ጊዜ እማሆይ ከደጃፉ ሳይገቡ፥ መቋሚያቸውን ተደግፈው «ይህ ቃል የሥጋ ዘመድ ይላል?» ብለው ጠየቁ። እንደማይል ነገርኋቸው። «እንግዲያስ በእኔ ቤት ኖሯል፤ ከእኔ መሶብ በልቷል። በ1977 ድርቁ ከወሎ ያፈለሳቸው ሰዎች በመኪና ተጭነው ወደ ፓዌ በዚህ በደጃችን ሲያልፉ ውኃ ከማቀበል በቀር ያደረግሁት የለም፤ መኪናው አይቆምም ነበርና። ይኸኛው ግን ቆሟል» አሉ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ የሆኑት ሐጂም ለመምህሩ ዞረው «የርስዎ ሒሳብ ትክክል ነው፤ መንገደኛም ግን ድርሻ አለው። ዛሬ እንቅበረው፤ ሒሳቡን ነገ አብረን እንጨነቅበታለን» አሏቸው። መምህሩ ደብተራቸውን አጠፉና «እኔ ተቃውሜአለሁ ተብሎ ይጻፍልኝ፤ ቁልፉ ግን ይኸው» ብለው የድንኳኑን ቤት ቁልፍ በጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ተቃውሟቸውንም ጻፍሁ፤ ጡሩምባውም ተነፋ።

በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጠበቀን። ካህኑ እንደ ሥርዓቱ «የንስሐ አባቱ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሚስቲቱ ስማቸውን ተናገረች፤ የት እንዳሉ ግን አታውቅም፤ በሕይወት መኖራቸውንም አታውቅም። ካህኑ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እስኪገኙ ድረስ እኔ እሆነዋለሁ» ብለው ፍትሐቱን ጀመሩ። መቃብሩን ከቆፈሩት ጎልማሶች እኩሌታው ሙስሊሞች ነበሩ። በደረቅ ወር የጫግኒ አፈር እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ እስከ ቀትር ወሰደብን።

መምህሩ የተናገሩት ሁሉ ደረሰ። ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ክረምቱ ድረስ አባል ያልሆኑ ሌሎች ሰዎችን ቀበርን፤ ሣጥኑ ተራቆተ፤ መዋጮ ጨመርን፤ በመዋጮው መጨመር ተቆጥተው ስማቸውን ያስሰረዙ ነበሩ። ከእነርሱም ደኾች ስለ ነበሩ ልወቅሳቸው አልችልም። በዚያው ዓመት ሰኔ የአንድ ነባር አባል እናት በሞቱ ጊዜ ለቤተሰቡ የሚገባውን ገንዘብ በሙሉ መክፈል አልቻልንም። ሰውየው በለቅሶው ላይ ምንም አልተናገረም፤ ከሠልስቱ በኋላ ግን ወደ እኔ መጥቶ «ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከፍዬአለሁ፤ አስልልኝ» አለኝ። አሰላሁለት። ቀሪውን ለመክፈል ሁለት ዓመት ፈጀብን፤ ከፍለንም ጨረስን፤ እርሱ ግን በስብሰባ ላይ ከእኔ አጠገብ መቀመጥ ትቷል። ስለ መልካም ሥራ የሚጻፈውን ሳነብ ይህ ሰው ትዝ ይለኛል፤ ለእንግዳው የተደረገው ቸርነት ከእርሱም ኪስ ወጥቷል፥ እርሱን ግን የጠየቀው አልነበረም።

ጸደይ ብለው ሊቃውንቱ የሚጠሩት ከመጋቢት መጨረሻ በኋላ ያለው ወቅት በሌላው ዓለም የልምላሜ ወራት ይመስላል። በእኛ ዘንድ ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ የሙቀትና የጥበቃ ጊዜ ነው። ማንጎው ይበስላል፤ ሌላው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። የዐቢይ ጾምም ብዙውን ጊዜ ወደዚህ ይዘልቃል። ስለ ጾም ካነሣሁ አይቀር፥ በባሕረ ሐሳብ ቀመር የዐቢይ ጾም መግቢያ ከየካቲት 1 ቀን አይቀድምም፥ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍም፤ ስለዚህ እኛ በሠላሳ አምስት ቀን ግቢ ውስጥ እንዘዋወራለን። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ረመዳን ግን የጨረቃ ዓመት በአሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚያጥር፥ በሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል፤ በጭቃውም በአቧራውም ይጾማሉ። በ2016 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች በአንድ ቀን፥ መጋቢት 2 ቀን፥ ጀመሩ። ሐጂም በደጃቸው ተቀምጠው «ዘንድሮ በሰፈሩ ቡና የሚያፈላ ሰው የት እናገኛለን?» ብለው አሳቁን። ማታ ማታ ከቤታቸው ለማፍጠሪያ የሚወጣው ሾርባ ሽታ ጾመኛውን ሁሉ ይፈታተነው ነበር፤ ሥጋ የሌለበትን ለይተው ለእማሆይ ይልኩላቸው እንደ ነበር በኋላ ሰማሁ። እማሆይ በዚያው ዓመት በጥቅምት ያልጠበቅነውን ወባ አልፈው ነበር፤ ዛሬም አሉ።

የሟቹ ባለቤት በ2014 ዓ.ም. ብዙዎቹ ተፈናቃዮች ሲመለሱ ከልጆቿ ጋር ወደ ቀየዋ ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት ግን ወደ ቤቴ መጥታ በእድሩ እንድመዘግባት ጠየቀችኝ። «እኅቴ፥ ከዚያ ሆነሽ የዚህ እድር ምን ይረባሻል? በሄድሽበት ግቢ እንጂ» አልኋት። «የሱ መቃብር እዚህ ነው፤ እናንተ ስትከፍሉለት እኔ እንዴት አልከፍልም?» አለችኝ። መዝገቡን ገልጬ ስሟን በተራ ቁጥሯ ጻፍሁ። የዓመቱን መዋጮ በሁለት ጊዜ፥ በሚመጣ ሾፌር እጅ ትልካለች፤ አንዳንድ ጊዜ ከገንዘቡ ጋር በላስቲክ የተቋጠረ በርበሬ ለእማሆይ ይመጣል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገዱ አንድ ጊዜ ይከፈታል፥ አንድ ጊዜ ይዘጋል። ሾፌር ሳይመጣ ሲቀር የእርሷ ዓምድ ባዶ ሆኖ ያድራል። ባለፈው ጊዜ አምስት ወር ሙሉ አልተሞላም። ሕጉ ሦስት ወር ይላል፤ የሚቀነስላትም የክረምቱ ሁለት ወር ብቻ ነው። ጉዳዩን ለኮሚቴው ባቀርብ መምህሩ፥ ዛሬም ገንዘብ ያዣችን ናቸው፥ መነጽራቸውን አውልቀው ከጠረጉ በኋላ «መንገድ የተዘጋበትን ወር ክረምት ነው ብሎ መቁጠር በዚህ ኮሚቴ ሥልጣን አይደለም፤ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቅረብ» አሉ። ሐጂ «ሌላስ ስንት ሰው ነው በዚህ ምክንያት የቀረ?» ብለው ጠየቁ፤ ቆጥሬ ዐሥራ አንድ መሆናቸውን ነገርኋቸው፤ ከዐሥራ አንዱ ሦስቱ በእርሻ ላይ ያሉ የራሳችን ሰፈር ሰዎች ናቸው።

ጉባኤው የሚሰበሰበው ሰኔ በገባ በመጀመሪያው እሑድ፥ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ዝናብ ከጣለ በሐጂ መጋዘን፥ ካልጣለ በዋርካው ሥር እንቀመጣለን። የውሳኔውን ሐሳብ በንጹሕ ወረቀት ጽፌ አዘጋጅቻለሁ፤ «የክረምቱ ሁለት ወር ሳይቆጠር» ከሚለው ቀጥሎ አንድ መስመር ክፍት ትቻለሁ።